ሦስት ክንድ አስፋልት

ከጣርማበር ወርዶ ጉሙ ተኝቷል፣
ቆሎ ሻጮች ሁሉ ከአስፋልቱ ሸሽተዋል፣
የጌም ቤቴ ታፔላ ከነስሙ ጠፍቷል።

እኔ ግን ከውስጥ ነኝ፣ ደረቴን ነፍቼ፣
የሁለት ዓመት ዕቁብ ባንድ ካርቶን ገዝቼ፤
"ፕሮ" ይሉታል ስሙን፤ አዲስ ልጅ አይደለም፣
የድሮው ነው እንጂ ጡንቻ ቢያወጣም።
አሥር የነበረውን አሥራ አምስት አድርጌ
በሩ ላይ ጻፍኩበት ጠመኔ ፈልጌ፤
"ኑ" አልኳቸው፣ "ሣሩ አንድ አንድ ተቆጥሮ፣
የበረኛው ላብ ጠብ ሲል ይታያል ዘንድሮ፤
አራት ኬ ነው ይሄ!"

ታምራየሁ ገባ፣ የሹፌር ደምሰው ልጅ፣
ስክሪኑን አበሰው በእርጥብ የሹራብ እጅ፣
ቆየና ሳቅ አለ።
"ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ይሄ ሁሉን አይሥልም፣
ነጥቡን በሙሉ ለመሙላት አቅሙ አይበቃም፤
ዳማ ገበታ ነው፦ አንዱን ቤት ይቀባል፣
የጎኑን ይዘልና በግምት ይሞላል።
ደግሞስ ቴሌቪዥንህ፣ የሠርግህ ስጦታ፣
ስኒ ነው፤ የጋኑን አይዝም ባንዳፍታ።"

ዝም አልኩ። ዕቁቤ ዓይኔ ላይ ዞረብኝ፣
ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ዕጣውም ሳቀብኝ።

በሩ ተከፈተ። ደምሰው ነው፣ ልጁን ሊወስድ፣
ድንች ጭኖ ከመንዝ፣ ወርዶ ያን ቁልቁል መንገድ፤
ጋቢው ይንጠባጠባል። "መንገዱ ታየህ ወይ?"
"ምን ይታያል?" አለኝ፣ "በዚህ ጉም፣ በዚህ ሰማይ?
ሦስት ክንድ አስፋልት ነው መብራቴ የሚያሳየኝ፣
የቀረውን ከትናንት እጄ ነው የሚነግረኝ፤
ኩርባው እዚህ ጋ ነው፣ ገደሉ በግራ፣
ግማሹን አይቼ፣ ግማሹን በአደራ።"

ልጁን አየሁት። ልጁ ጫማውን አየ።
ደስ ብሎኝ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ደምሰው፦
"ዛሬ ግን አንድ በሬ፣ ትናንት ያልነበረ፣
ኩርባው ላይ ተኝቶ... መብራቴ ተሰበረ።"
"በሬውስ?"
"ተነሥቶ አየኝ። እሱ በደንብ ነው ያየኝ።"

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ሣሩ ቆሞ ሳለ
እውነትም ያምራል፣ በየዘሩ ያለ፤
ኳሷ ስትለጋ ግን፣ ስትሮጥ፣ ጫፏ ይሟሟል፤
ትናንት ያልነበረ በሬ እዚያም ገብቷል።

ጠመኔዬን አነሣሁ። አሥራ አምስቱን አጥፍቼ
"አሥራ ሁለት ከሃምሳ" አልኩኝ፣ መሃሉን ገምቼ።
ታምራየሁ ቆጠረ፦ አሥር፣ አንድ፣ ሌላ አንድ፣
እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ ወደ መንገድ፤
ከጉሙ ውስጥ ጮኸ፣ መልኩ የለ፣ ድምፁ ብቻ፦
"ሃምሳ ሳንቲሟን ገምታት!"