የርግቧ ኪራይ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ
ስድስት ሴቶች ነን ባንድ ክፍል ኪራይ።
የኔ የላዩ አልጋ ነው፣ መስኮቱን የታከከው፣
ወር በገባ በአምስት አራት መቶ ድርሃም የሚጠይቀው።

ነሐሴ ነው። ማዳሞቹ ሻንጣቸውን ዘግተው
ልጆቻቸውን ይዘው ብርድ ወዳለበት ሄደው፣
በሰዓት የማጸዳው ቤት በሙሉ ተቆልፏል፤
ስልኬ ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ «ነገ ነይ» ማለት ትቷል።

ሌሊት ሌሊት እቆጥራለሁ፤
በገበያ ደረሰኝ ጀርባ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ።
አርባ ሦስት ድርሃም በእጄ፤ ለአልጋው አራት መቶ፣
ለናሆም ደብተርና ጫማ፣ መስከረም ደጅ መጥቶ፣
ለደላላው ያልተከፈለ፣ ካምና የተሻገረ፤
ቁጥሩ እንደ ሊጥ በጨለማ ኩፍ እያለ አደረ።
ሌሊቱን ብጨምቀው ጠብ የሚል ነገር የለውም፤
እንቅልፌን በላው እንጂ ባርባ ሦስቱ ላይ አንድ አልጨመረም።

ከመስኮቱ ባሻገር፣ ኤሲው ሥር ተጠግታ
አንዲት ርግብ ጎጆ ወጣች፣ ሳታስፈቅድ ገብታ።
ጎጆ ካሉት! የሽቦ ቁራጭ፣ የላስቲክ ገመድ ጫፍ፣
ከመጥረጊያዬ ሰባት ጭራሮ፣ ብጣሽ የአረብኛ ጽሑፍ።
ሁለት እንቁላል ጣለች። በአርባ ስምንት ዲግሪ ፀሐይ
ዓይኗን ጨፍና ታቀፈች፣ ጠብታ ዝናብ ሳታይ።
እኔም ሞኟ፣ ያዘንኩላት መስሎኝ፣ «ይህቺ ምስኪን» አልኩ፣
«ምን ትጠጣ ይሆን?» ብዬ የሷንም ጭንቀት ደረብኩ።

ከዚያ አየሁት፤ ኤሲው ያልበዋል።
የስድስታችንን ወበቅ ጠጥቶ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤
ጠብ፣ ጠብ፣ በተሰነጠቀው ቱቦ ጫፍ፣ ካጠገቧ፤
አንገቷን መዘዝ አድርጋ ትጠጣለች ርግቧ።
ናጡራችን ሻፊቁል «ውሃው መንገደኛ ያበሰብሳል፣
ባላዲያው ይቀጣናል፣ አሠሩት» እያለ ይነጫነጫል፤
እኛ ደግሞ ገንዘብ አጥተን፣ «ለከርሞ» እያልን የተውነው ብልሽት
ለሷ ምንጭ ሆኖላት ኖሯል፣ ሳናስብ፣ ሳናውቅላት።
ማንም አልቀዳላትም።
ውሃው ግን አልቀረም።

ማታ ፍሪጁን ከፈትኩ። በየመደርደሪያው ስም ተለጥፏል፤
ከኔ ስም በላይ አምፖሉ ብቻውን ተቀምጦ ይበራል
ብዬ ነበር።
አራት ቅቅል እንቁላል፣ ግማሽ ኩብዝ፣ በሳህን የተከደነ ምስር!
ማን አኖረው? አራቱ ተኝተዋል። ሰዓዳ ብቻ፣ የባቲዋ፣ ከበሩ ሥር
መስገጃዋን ታጥፋለች።
ሁለት ወር ሳይከፈላት ይኸው ሦስተኛውን ጀምራለች።
«አንቺ ነሽ?» አልኳት።
«ሪዝቅሽ ነው፤ ብይ» አለች፣ መብራቱን እያጠፋች፣
«ሲሳይ ስሙ አይጠየቅም።» ተሸፋፍና ተኛች።

ጨለማ ውስጥ እንቁላል ስልጥ፣ በልማድ ጸሎት ጀመርኩ፤
አንዲት ቃል ላይ ስደርስ ግን፣ «ዛሬ» ላይ፣ ተደናቀፍኩ።
ከልጅነቴ ጀምሮ እየዘለልኩ የማልፋት!
ያን ማታ እግሬን ያዘችኝ፤ እንቁላሌን ይዤ ቆምኩባት።
ለዛሬ ነበር ለካ፤ ለከርሞ የሚል የላትም፤
እኔ ጎተራ ስለምን፣ እሱ ቁናውን አልነፈገኝም።

ሥራ ተገኘ ማለቴ አይደለም። ኪራዩም አልተከፈለም፤
ደላላው ሁለቴ ደወለ፤ ለማንሳት ወኔ የለኝም።
ጭንቀትም እንደ ዘመድ ነው፣ ውጣ ቢሉት ቶሎ አይወጣም።
ግን ዛሬ በልቻለሁ። ናሆም በቪዲዮ ታየኝ፤
የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ በዚያው ቀዳዳ ሳቀልኝ።

ዛሬ ረፋድ ሻፊቁል መሰላል ይዞ መጣ፣
ቱቦውን ሊደፍን፤ ላቡ ባንገትጌው ወጣ።
መስኮቱን ከፍቼ ሁለቱን ቀያይ ጫጩቶች አሳየሁት፤
በተሰባበረ አረብኛ፣ «እስኪበሩ ነው፤ ታች ባልዲ እናኖራለን» አልኩት።
ቆሞ አያቸው። «ኪራይ ትከፍላለች?» አለና ሳቀ፣
መሰላሉን ታቅፎ በደረጃው ዘለቀ።

እኔም ጋደም አልኩ። ደረሰኙን አላወጣሁም።
ውጭ፣
ጠብ ይላል።