ስድሳ ጥያቄ

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል፤ ከላውንደሪው ፎቅ ላይ፣ ከቢሮው በር፣
ማሽኖቹ የሆቴል አንሶላ እያጠቡ ወለሉን ሲንጡት ከሥር፣
ሚስተር ቢጁ ወረቀት ሰጠኝ፤
«ትክክልና ስሕተት የለውም፤ ማን እንደሆንሽ ብቻ ንገሪኝ።»

ስድሳ ጥያቄ፣ ከአንድ እስከ አምስት፤
«በፍጹም» ከሚለው እስከ «በእርግጠኝነት»።
የሱፐርቫይዘር ቦታ ነው፤ ሦስት መቶ ድርሃም ይጨምራል፤
መኝታውም ከስምንት ሰው ወደ አራት ይወርዳል።

ቢጁ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዷል፤ ግድግዳው ላይ ክብ ለጥፏል፤
«ሰው አራት ቀለም ነው» ይላል፣ በእስክሪብቶው ይጠቁማል፤
«ሰማያዊ ይቆጥራል፣ ቢጫ ያጫውታል፣
አረንጓዴ ይታዘዛል፣ ቀይ ይመራል።»
እኔ ስለ ቀይ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤
ከነጭ ጋር ካጠቡት፣ ነጩን ነው የሚያቀላው።

አንደኛው፦ «በሰዎች መሃል ስሆን ደስ ይለኛል።»
የትኞቹ ሰዎች? ወረቀቱ ዝም ይላል።
ስምንት ሆነን ስናድር፣ መስተዋቱ እንኳ በወረፋ ነው፤
ደስ የሚለኝ ሽንት ቤቱ ነጻ ሲሆን ነው።

ሰባተኛው፦ «ሐሳቤን ሳልፈራ እናገራለሁ።»
እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁ።
ደሴ ሳለሁ፣ ሳልባጅ ተራ፣ ከእኅቴ ከሐሊማ ጋር፣
ድምፄን ሰምቶ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው አልነበር፤
«አፈ ጮሌዋ» ነበር ስሜ።
ከዚያ አጅማን። ሦስት ዓመት። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት።
«ሐዲር» ብቻ ቀረችልኝ፣ ከዚያ ሁሉ አንደበት።
ማዳም ለእንግዶቿ «ዝምታ ተፈጥሮዋ ነው» ትል ነበር፤
ፓስፖርቴ መሳቢያዋ ውስጥ፣ ተፈጥሮዬም አብሮት ነበር።

ታዲያ የትኛዋ ሰዓዳ ናት ቁጥሩን የምታከብበው?
ጨርቅ የምታራግፈው? ደረጃ የምትወለውለው?
«ጠባይ እንደ አጥንት ነው» አለ ቢጁ፣ ሰዓቱን እያየ፤
«ከሃያ አምስት ዓመት ወዲያ አይታጠፍም።»
እኔ ሠላሳ አንድ ነኝ፤ ሁለቴ ታጥፌያለሁ።

ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ፤
ማዳም ብትሞላውስ?
«ሰው ሲዘገይብኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።» አምስት።
«አንዴ የወሰንሁትን አልለውጥም።» አምስት።
እጄ ፈጠነ፤ አይሮፕላን ላይ ፎርም እንደሚሞላ ሰው።
«የሌሎች ስሜት ያሳስበኛል።»
እዚህ ላይ ቆየሁ። አንድ ሌሊት፣ ትኩሳት ሲንጣት፣
እጄን ይዛ «አትሂጂ» ያለችው ትዝ አለኝ።
ሦስት አልኩላት።

ቀይ ወጣሁ። ሰማንያ ሰባት ከመቶ።
ቢጁ «ውስጥሽ መሪ ተደብቆ ነበር» አለኝ፣ እጄን ጨብጦ።
ማሪቴስ፣ ስድስት ዓመት የሠራችው፣
ማሽኑን ሁሉ በድምፁ የምታውቀው፣
አረንጓዴ ወጣች፤ «ጥሩ ተከታይ» ተባለች፤
የቁልፉን ዘለበት ራሷ አንገቴ ላይ አጠለቀች።

በሁለተኛው ሳምንት አራት ቁጥር ማሽን ቆመ።
እኔ ቁልፉን ይዤ ቆምሁ።
ማሪቴስ ጆሮዋን በሩ ላይ ጣለች፣ «ፓምፑ ነው» አለች፤
ሪፖርቱ ላይ እኔ ፈረምሁ።

በዚያው ሌሊት ሱሺላ ጋሪ ገለበጠች፤ ከመጣች ወሯ ነው።
«ያላ! ሱርዓ!» አለ አንድ ድምፅ፤
ዞር ብዬ ፈለግሁት፤ ምላስ ቀጭ ማድረጉ ሳይቀር የማዳም ነው፤
የወጣው ግን ከኔ አፍ።
ሱሺላ ቀና ሳትል፣ ቀስ ብላ፣ «ሐዲር» አለች።
ቢጁ ቢያያት «አረንጓዴ» ይላት ነበር።

ሊነጋ ሲል ከሰባት ቁጥር አንድ ጭነት አንሶላ ወጣ፤
ነጭ የገባው ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ መጣ።
ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከማሽኑ ሆድ ሰድጄ ብዳብስ፣
ቀይ ጨርቅ የለም።
የጉዳት ፎርሙ «መነሻው ምንድን ነው?» ይላል።
ቀኑን ጻፍሁ፣ የማሽኑን ቁጥር ጻፍሁ፤
ያቺን መስመር ግን እስካሁን አልሞላሁም።