ያሁኑ ንባብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ፣
ከጠባሴ ስወጣ፣ ወደ በሬሳ ስወርድ፣
ከአጥር ሥር ጎንበስ ብዬ፣ የብረት ክዳን ገልጬ፣
አመዳዩን በጥፍሬ ፍቄ፣ መስታወቱ ላይ አፍጥጬ፣
የሰው ውሃ ነው ያነበብኩት።
ያለፈው ንባብ ይህን ያህል፣ ያሁኑ ይህን ያህል፤
ልዩነቱን በእስክሪብቶ፣ ቀሪውን ለሒሳብ ክፍል።
የራሴን ማን ያንብበው?

ጉልበቴ ነበር የከዳኝ፤ መንበርከክ ነዋ ሥራዬ፤
ዲክሎፌናክ ነው ያቆመኝ፣ ያች ክኒን፣ ጌታዬ፤
አንዷን ጠዋት፣ አንዷን ማታ፣ ስንት ዓመት እንደሁ እንጃ፤
ግፊቴም ወጥቶ ወጥቶ፣ ደርሶ ኖሯል ከላይ ደረጃ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ ዘንድ መጥቶ ነው እንጂ፣ ካልሲዬ ሥር የነገሠው።
ጫማዬ ጠበበኝ። "ተመቸህ!" አለኝ ጎረቤቴ፤
ደስ ብሎኝ አዲስ ገዛሁ፣ በጡረታዬ፣ በሞኝነቴ።

ሐኪሙ ወረቀት አየ፤ ልጅ እግር ነው፤ ቃል ፈልጎ፣
"አባባ፣ ኩላሊትም ያረጃል" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፤
"የእርስዎ ግን ቸኮለ፤ ግፊቱ ነው፣ ክኒኑ ነው፤
ከመቶው ዘጠና ሦስት አልቆ፣ የቀረን ሰባት ነው።"
"የቀረን" አለ። የኔን ሰባት፣ ከኔ እኩል ተካፈለው።

ሰኞ አራት ሰዓት፣ ሐሙስ አራት ሰዓት፤ ደሜ ይወጣል በቱቦ፤
ይመለሳል ቀዝቀዝ ብሎ፣ እንደ ልብስ ታጥቦ።
መጀመሪያ አንገቴ ላይ ነበር የሰኩት፤ አመረቀዘ፤
ውርጭ እንዳደረበት ጥጃ ተንቀጠቀጥኩ፤ ምላሴ ተያዘ።
የሚስቴ ወንድም ከመንዝ፣ ሦስት ሙክት ነድቶ መጣ፤
ሦስቱም ወር ሳይሞላቸው፣ በመርፌ ቀዳዳ ወጣ።
ከዚያ ክንዴ ላይ ሁለት ደም ሥር አጋብተው ሰፉኝ፤
"ይህን እጅ አደራ! ሸክም የለም፣ ሰዓት የለም" ብለው ገሠጹኝ።
ጣቴን ሳሳርፍበት ይርገበገባል፣ ይዞራል፤
ሌሊት ትራስ ላይ ስጥለው፣ እንደ ቆጣሪ ጥርስ ይሽከረከራል።

ድንች ክልክል፣ ሙዝ ክልክል፣ ባቄላም፣ በባቄላ አገር!
ጨው የሌለው ሽሮ በልቼ፣ ከቧንቧ ጋር ስነጋገር።
ነርሷ ሰርክአዲስ ናት። ሚዛን ላይ ታቆመኛለች፤
"ሦስት ኪሎ ተኩል ትርፍ! ጋሽ ይርዳው፣ ምን ጠጡ?" ትላለች።
"ከሦስት ብርጭቆ አላለፍኩም" ብዬ እዋሻለሁ፤
ሌሊት ተነስቼ ነው፣ ቧንቧውን እንደ ሌባ እጠባለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ መርፌውን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣
"አላወቁኝም። የአዛለች ልጅ ነኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ሲል።
የሦስት ወር ውዝፍ ነበረብን። መጡ ከነመፍቻዎ፤
እናቴ 'እስከ ቅዳሜ' ብትል፣ አልተመለሰም ልብዎ።
በጋውን ሙሉ ከበሬሳ ቀዳሁ፣ በጀሪካን።"
"ደንቡ ነው" አልኳት። ሌላ ቃል አጣሁ።
"አውቃለሁ" አለች። "የኔም ደንብ ነው፤ ሦስት ብርጭቆ።"

ማሽኑ ጮኸ። ግፊቴ ወርዶ ኖሯል፤ ጣሪያው ራቀ፤
ባቴን ቁርጠት እንደ መፍቻ ጠመዘዘው፤ ላቤ ጠለቀ።
እግሬን ደረቷ ላይ አስደግፋ ገፋችው፣
ቁርጠቱ እስኪለቅ።
ይቅርታ ልላት ነበር። ጉሮሮዬ ደረቀ፤
ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ ነካችው፣ ያንን ብቻ።

ትናንት ማለዳ ክንዴን ነካሁ፤ ዝም ብሏል።
ጆሮዬን ጣልኩበት፤ ዝም።
ስንት ቤት ሰምቻለሁ ይህን ዝምታ፣
ራሴ ዘግቼ ስወጣ!
በባጃጅ ወሰዱኝ፣ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ።
ሰርክአዲስ ካልጋው ሥር ተንበረከከች፣ እኔ እንደማደርገው፤
በጣቷ፣ ከዚያ በማዳመጫዋ፣ ከዚያ እንደገና በጣቷ።
ረጅም ጊዜ።
"ስንት ይላል?" አልኳት።
"ቆይ" አለች፣ ዓይኗን ጨፍና፤
"እያነበብኩ ነው።"