ማሳ

ከደጀን የጫንነው ሲሚንቶ ቅንድባችንን አሸብቶ፣
ዓባይ ማዶ ደረስን፣ የቀኑ ብርሃን ጣና ገብቶ።
መጋዘኑ ጉራንጉር ውስጥ ነው፤ ተሳቢ አይዞርበትም፤
የቱንም ያህል ሹፌር ቢሆኑ፣ ግንብ አይለመንም።

«ፍታው» አልኩት ምንይችልን። ታኮውን ከጎማው ሸጎጠ፣
የንፋሱን ቱቦ ነቀለ፤ ፒኑ በመዶሻ አመለጠ።
«ገመዱን እኔ እነቅላለሁ፤ አንተ ሂድ፣ ውሃ ግዛ።»
ያልኩት እኔ ነኝ።
ይህን አንድ መስመር ቤት ሳላስመታ ልለፈው፤
ማሳመር አልፈልግም።

ስልኬ ጮኸ። ባለመጋዘኑ፦ «ልዘጋ ነው፣ የት ቀረህ?»
ሞተር ሲነሣ ማን ይላል፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ረሳህ?
አንድ ክንድ ሄድኩ። ሁለት። ከኋላ እንደ ጅማት ተሳበና፣
ጧ! አለ፤ ካቢናውን እንደ ጅራፍ ገረፈው መጣና።

ሻይ የያዙት ሁሉ ዞሩ። ወርጄ የተበጠሰውን ሳየው፣
ጣቴ ከአፌ ቀደመ፤ የሚያውቀው ልጁን ነው።
«ዓይንህ የት ነበር አንተ! ሳትነቅል!»
ምንይችል ሁለት ሃይላንድ ውሃ አቅፎ ቆመ።
አንዱን ለእኔ ዘረጋ።

አንማውን ጠሩልን፣ ከባጃጅ ጋራዡ፣ እራቱን ሳይጨርስ፤
መነጽሩ በናስትሮ የታሰረ፣ ጥቁር ጥፍሩን ሱሪው ላይ ሲያብስ።
ገመዱን እንደ ታመመ ክንድ ዳበሰ፣ አገላበጠ፣
ልጡን በምላጭ ተለተለ፣ ሆዱን ለመብራት ገለጠ።
ሰባት ቀጫጭን ሽቦ፤ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ቡኒው፣
ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ደግሞም ነጭ የነበረው።

«ሹፌር» አለኝ ቀና ሳይል፣
«ይህን አይጥ አልበላውም፣ አስፋልትም አልፋቀውም።
ሳይነቀል የተሳበ ነው።
ነቃዩ ማን ነበር?»

ጉሮሮዬ ውስጥ ሲሚንቶው ረጋ።
ልጁም ዝም አለ።
የእሱ ዝምታ ግን የእኔን ይመዝነው ነበር።

ከሐይቁ በኩል ደንገል ደንገል የሚል ነፋስ እየመጣ፣
ካውያውን እያበረደበት፣ ሊዱ እምቢ ሲለው ሳይቆጣ፣
ምንይችል በሸሚዙ ከለለለት፣ በስልኩ አበራለት፣
ቀለም ከቀለሙ ተጋባ፣ ናስትሮ ተጠመጠመለት።

መኪናውን ወደ ኋላ መልሰን ሰካነው።
እኔ ካቢና፣ ልጁ ከተሳቢው ጀርባ።
«ግራ ፍሬቻ!»
«ይበራል!»
«ቀኝ!»
«ይበራል!»
«ፍሬን!»
«ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው ይበራል! ሌላው ይደበዝዛል!»

አንማው ሳቀ። «ማሳ የለውም» አለ።
«ማሳ ያጣ መብራት የራሱ መመለሻ የለው፣
በሰው ቤት በኩል ይዞራል፤
እዚህ ስትነካው እዚያ፣
በማያገባው ያበራል።»

ማሳ! እኛ ቤት ማሳ የሚታረስ ነው፤ ድንበሩ በቁልቋል የታጠረ፤
አባቴ፣ ከአዴት ወረድ ብሎ፣ ጤፍ ይዘራበት የነበረ።
አንድ ሌሊት በሬያችን የጎረቤት ሽምብራ ሲግጥ አደረ።
ማንም አላየ። ጎህ ሳይቀድ እኔን ቀስቅሶ፣ ሰው ደጅ ሄዶ ቆመ፤
«የእኔ በሬ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም።
እንቅልፌን ስላቋረጠኝ ተናድጄ ነበር፤
የሰማሁት ዛሬ ነው።

ነጩን ሽቦ ፈልጎ አንማው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣
ከሻንሲው ብረት ጋር አገናኘው፣ ብሎኑን እስከ መጨረሻ አጠበቀ።
«ርገጥ!»

ረገጥኩ።
በመስታወቱ ውስጥ የልጁ ፊት ቀይ ሆነ።
አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።
«ምንይችል!»
«አቤት!»
«ገመዱ... የኔ ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

አንድ ባጃጅ አለፈች።
አንማው ፒንሳውን ሲሰበስብ ነበር፣ ቀና አላለም።
እግሬ ፍሬኑ ላይ እንዳለ፣
ከኋላ፣ ከቀዩ ብርሃን ውስጥ፣
«ይበራል!» አለ።