ከጠረጴዛው ሥር

ከሌሊት ፈረቃ፣ ከመጋዘን ወጥቼ፣
ሻርጃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጫማዬን ፈትቼ፣
እናታቸው በጠዋት ወደ ፀጉር ቤቱ ስትወጣ፣
ፊደል አስቆጣሪው እኔ ነኝ፣ ዐይኔ እንቅልፍ እንዳጣ።
ኤሲው ያጓራል፤ ወበቁ ከውጭ
መስታወቱ ላይ ይወርዳል እንደ ሕፃን ለሃጭ።

ኢክራም ትልቋ ልጅ ካስቀመጧት ቦታ
ውላ ትገኛለች፣ እግሯን አጣጥፋ በዝምታ።
በሦስት ዓመቷ ነው «ሀ ሁ»ን የዘለቀች፣
ጣቴን እየተከተለች፣ «አባ፣ ይቺስ?» እያለች።
እኔም ልቤ ይሞቃል። ከደሴ የሚመጣ ሰው ፈልጌ
ባለ ሥዕል መጽሐፍ በሻንጣው ጥግ አስደርጌ፣
ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ባለ ማግኔት ፊደል፣
ለሷ ምን ይበዛል? ለሷ ምን ይጉደል?

አንዋርስ?

እርሳስ ስሰጠው ይነክሰዋል። ደብተር ስዘረጋ
ይቆምበታል። «ቁጭ በል» ስለው ይወጣል አልጋ፤
ካልጋ ወደ መጋረጃ፣ ከመጋረጃ ወለል፣
የታች ቤቱ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ኳ! ኳ! እስኪል።
«ሀ በል» ስለው ይስቃል፤ ስደግም ያለቅሳል፤
ስሠልስ ድምፄ ይነሳል፤
ድምፄ ሲነሳ የሱ ይብሳል፤
እንዲህ ስንባባስ እንቅልፌ ይደርሳል።

ስልኬን ሰጠሁት። ዝም አለ። እኔም ተኛሁ።
እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ እንቅልፍ በርካሽ ገዛሁ።
«ያለቀሰ ልጅ ጡት ያገኛል» ይላል ያገሬ ሰው፤
በኔ ቤት ግን ላለቀሰው
ስልክ ነው የደረሰው።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ሲያልፍ የአሸዋው አውሎ፣
ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ አመለጠ እጄን ጥሎ።
የሱዳናዊው የተጃኒ ፒካፕ ቆማለች፣ አቧራ ለብሳ እንደ ዱቄት፤
ስደርስ አንዋር በጣቱ ይሞነጫጭራል፣ በጥድፊያ፣ በፍጥነት።
«ተው!» ብዬ ልጮህ ስል አየኋት፤
«ለ» ናት።
አንድ እግሯ ተንጋዷል፣ ግን «ለ» ናት።
ዘለለ። «ሉ»።
ዞሮ መጣ። «ሊ»።
በየፊደሉ መሐል አንድ ዙር ይሮጣል፣
በሩ ሲሞላበት ወደ ኋላው በር ይዞራል።

«ማነው ያስተማረህ?»
ቀና ብሎም አላየኝ። ኢክራም ናት የመለሰች፦
«አንተ ነህ» አለች።
«እኔ ስቆጥር ሁሌ ጠረጴዛው ሥር ነው፤
ስልኩን ይዞ ይገባል፤ ድምፁን ግን ያጠፋዋል።»

እዚያው ቆሜ ቆጠርሁ። ስንት ጠዋት ሰጠሁ
ፊቷ ለሚያበራልኝ፤ ስንቱን ጠዋት ሸጥሁ
እንቅልፍ ልገዛበት፣ ከሚያደክመኝ ልጅ።
እሷማ ያለኔም ማንበቧ አይቀርም፤
እኔ ነኝ የማልጠፋው ከምስጋናዋ ደጅ።

ተጃኒ ከበረንዳው ሳቀ። ባልዲ ይዤ ወረድሁ፤
መኪናዋን አጠብሁ፤ የኋላውን በር ግን ተውሁ።

በማግስቱ እርሳሱን ነከሰ፣ እንደ ወትሮው።
ደብተሩን ረገጠ፣ እንደ ወትሮው።
ድምፄ ሊነሳ ሲል ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤
ግንባሬን ጋጨኝ፤ ትከሻዬ ላይ ሲወጣ «ለ፣ መ» ብዬ ጀመርሁ።
«ሐ ነው!» አለኝ፣ ጆሮዬን ስቦ።

ከላይ ወንበር ተንቋቋ። ኢክራም፣ መጽሐፏን ዘግታ፣
«አባ» አለች፣ «ለኔም አለ ቦታ?»