የሎታር ምድር ቤት

ከሆሳዕና ስንነሳ፣ ቄስ ሄራሞ እጁን ጭኖ
«መላክ» አለ፣ «የእነሱ ነበር፤ ዛሬ ግን የእኛም ሆኖ . . .»
አልጨረሰም። ሳል ያዘው። እኛም ቶሎ አልን አሜን፤
ስድስት ነን፤ ስድስት ቦቲ፣ አዳዲስ፣ በየሻንጣችን።

ኤልበ የሚሉት ወንዝ ነው። ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር
ቬሌን ከተማን ዋጣት፤ ሲመለስ የተወው ነገር
ጭቃ ነው፤ ሌላ ምን ይሁን፤ ጭቃ እስከ ሰባተኛው ደረጃ፣
ጭቃ በፒያኖው ሆድ ውስጥ፣ ጭቃ በብረት ምድጃ።

እኔ ለስብከት ነው የመጣሁ፣ ማታ ማታ ተግቼ
ሦስት ጥቅስ በጀርመንኛ፣ ፊደል በፊደል አጥንቼ።
አንዲት ሴት ከበር ብቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤
«ጓንት አለሽ?» አለችኝ።
አካፋ ሰጠችኝ።

የመጣሁት ለነፍስ ነበር። ከነፍስ በፊት ግን አካፋ።
ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ጥቅሱ ካፌ ላይ ጠፋ።
ቲሸርታችን «የተላክን» ይል ነበር በነጭ ቀለም፤
ከምሳ በፊት ተሸፈነ፤ ማን እንደላከን የሚያውቅ የለም።

ከኤርጎጌ ወደ ሎምባሞ፣ ከሎምባሞ ወደ እኔ፣
ከእኔ ወደ ጢማሙ ሰው፣ ስሙን ያልነገረኝ ከጎኔ።
«በእግዜር አላምንም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣ በእንግሊዝኛ፤
«ባልዲውን ግን በሁለት እጅሽ።»
«እሺ» አልኩት በአማርኛ።

እሁድ ደወል ተደወለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ፤
አሥራ አንድ ሰው፤ ስድስቱ እኛ፤ አምስት አሮጊት፣ አንዷ ምርኩዟን ይዛ።
እንደ አገራችን ዘመርን፣ ጣሪያው እስኪሰነጠቅ፤
ባለ ምርኩዟ የጆሮዋን መስሚያ ቀስ ብላ ስታወልቅ
አየኋት። ይቅር ይበለኝ፣
ሳቄ መጣ።

ምድር ቤቱ የሎታር ነው። ደጅ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤
በሳፋ ንጹሕ ውሃ ቀድቶ ፎቶዎቹን ያጥባል፤
ውሃ ያበላሸውን በውሃ። ከዚያ በገመድ ያሰጣል፦
አንድ ሙሽራ፣ አንድ ውሻ፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ ወታደር፣
ፊቱ የሟሟ አንድ ሕፃን፣ ነፋስ በነካው ቁጥር የሚዞር።

በእረፍት ሰዓት ጀመርኩለት፣ ኤርጎጌ እያስተረጎመች፦
«በሰባ ሰባቱ ረሃብ እናቴ ሕፃን ነበረች፤
ከባሕር ማዶ የመጣ ስንዴ ነው ነፍሷን ያቆየ፤
ጆንያው ቀሚስ ሆኗት ነበር . . .»
ዝም አለ። እጁን አየ።

«እኔም ልጅ ሳለሁ» አለ፣ «ከትምህርት ቤት ስንወጣ
ደጅ ለደጅ እየዞርን፣ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጋዜጣ
ለቅመን እንሸጥ ነበር። ሳንቲሙ ሁሉ የሚላክ
ለሩቅ አገር ልጆች ነው።»
ልቤ ዘለለ። አቤት አምላክ!
ይኼ ነው። ለዚህ ነው ያመጣኝ። ምስክርነቴ ሞላ፤
እልልታው ሳይቀር ተሰማኝ፣ ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ።

«ለእኛ ነበር?» አልኩት።

ግንባሩን አሸ። አሰበ።
«ለቬትናም» አለ።

ኤርጎጌ መተርጎም አቃታት፤ ሳቅ አፈናት። እሱም ሳቀ።
ያዘጋጀሁት ታሪክ ሁሉ ሳፋው ውስጥ ገብቶ አለቀ።

የእናቴን ስንዴ የላከው ሌላ ሰው ነው፣ ሌላ ደጅ፤
የሎታርን ጠርሙስ የበላም አንድ የማላውቀው ልጅ፣
ምናልባት ዛሬ ሽማግሌ፣ የሆነ ቦታ የሰው ቤት
ይጠርግ ይሆናል።
ወይም አይጠርግም። ምን አውቄበት።

ተመልሰን፣ ቄስ ሄራሞ ማይኩን እጄ ላይ ጣለ፤
«ስንት ነፍስ?» ብሎ ሹክ አለኝ። ጉባኤው ቀድሞ «አሜን» አለ።
አንድ ምድር ቤት፣ አልኩ። አርባ አንድ ፎቶ።
ልጨምር ፈለግሁ፣ ስለ ባልዲው፣ ስለዚያ ጢማም፤
በጀርመንኛ የጠፋኝ ነገር በአማርኛም አልመጣልኝም።

ቦቲዬን አላጠብኩትም። በረንዳ ላይ ነው፣ ደርቋል ጭቃው።
እናቴ ጠዋት ጠዋት ትላለች፣ «መቼ ነው የምታጥቢው?»
«የኤልበ ነው» እላታለሁ።
«ጭቃ ጭቃ ነው» ትላለች፤
ባልዲ ፍለጋ ትሄዳለች።