የጠመኔ ሂስ

መናኸሪያ ጀርባ፣ ጎሚስታው አጠገብ፣
ቪዲዮ ቤት ነበረ፣ በሁለት ብር ሂሳብ።
ጌታው ጋሽ ሌዳሞ ጠመኔ ሰጠኝና
«ሰሌዳው ላይ» አለኝ «ጻፍ የፊልሙን ዝና፣
ሰው አንብቦት ይግባ።»
ደሞዜ ወንበር ነው፣ ጥግ ላይ የቆመ፣
አንድ እግሩ ተሰብሮ በብሎኬት የታከመ።
እኔ ግን ማሞገስ ከድሮም አይሆንልኝ፣
ያየሁትን ጻፍኩ እንጂ፣ ዝናውን ማን ነግሮኝ።

ሰኞ፦ «ሰው መብረቁ»። ሰውየው ይበራል፣
የውስጥ ሱሪውን ግን ከላይ ደርቦታል።
ከተማ ሊያድን ነው እንዲህ የቸኮለው?
ወይስ እንደኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶበት ነው
በዳበሳ ለብሶ ሳያይ የወጣው?
ዓይኑ ላይ ብጣሽ ጨርቅ ጣል ባረገ ጊዜ
እጮኛው አታውቀው፤ «ማን ነህ?» አለች በትካዜ።
እኛ ጋ ላንቃሞ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣
ዱቤ ያለበትን ሱቅ ሹልክ ብሎ ሊያልፍ አስቦ፣
ገና ከመንገድ ማዶ፣ በአረማመዱ፣
«አርባ ሰባት ብሬን!» አለው ባለሱቁ ዘመዱ።
ፍርዴ፦ ሁለት ብር ይበዛል።
ሃምሳ ሳንቲም ይበቃል።

ማክሰኞ፦ «የሌሊት ካባ»። ጀግናው አኩራፊ ነው፣
ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሞ ዝናብ የሚመታው።
ለምን እንዳኮረፈ ሦስት ክፍል ፈጀበት፣
በአራተኛው ደግሞ ከሀ ጀመረበት።
አሞራ ገደል ውረድ፣ ዓሣ ሲበለት፤
አባ ኮዳም እንዲሁ፣ ካባውን ደርቦ፣
በራውን ደፍቶ ቆሟል፣ ዓለምን አስቦ
ይመስላል። አይደለም። አንጀት ነው የሚጠብቅ፤
ሲወረወርለት ግን መዋጥ እንዴት ያውቅ!
ፍርዴ፦ በትወና አባ ኮዳው ይበልጣል፣
በነጻም ይታያል።

ረቡዕ፦ «ሰባቱ ኃያላን»። ዓለም ስትቃጠል
ጠረጴዛ ከበው «አጀንዳው ይጽደቅ» ሲባል፣
አንዱ ተቃወመ፣ አንዷ ተአቅቦ አለች፣
ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ጨረቃ ፈነዳች።
የቀበሌው ሊቀመንበር አብሮን ያይ ነበር፣
«አካሄድ!» ብሎ ጮኸ፣ ተነሥቶ ከወንበር።

ጋሽ ሌዳሞ ተቆጣ፦ «ጠመኔዬን አምጣ!»
በሩን ሲከፍተው ግን ሰልፉ ጎሚስታው ጋ ወጣ።
«የእውነት ይሄን ያህል ነው?» እያለ ሕዝብ ገባ፤
በሩ ሲሞላበት ስንቱ በመስኮት ገባ።
ጠመኔው እኔው ጋ ቀረ።

ሐሙስ ፊልም የለም። ላንቃሞ ከአጎቱ ቤት
መጽሔት አመጣልኝ፣ ሥዕል የሞላበት።
ጀግናው ገደል አፋፍ፣ በአንድ ጣት ተንጠልጥሎ…
ቀጥሎ ያለው ገጽ የለም፤ ተገንጥሎ
እትዬ ዳመነች ጋ፣ ኦቾሎኒ ጠቅልሎ።
ዘጠኝ ጥቅል ገዛን። አንዱ ላይ ክርን አለ፣
አንዱ ላይ የክፉው ሳቅ፣ በጨው የተበከለ፣
አንዱ ላይ ባዶ ሰማይ።
«የመጨረሻዋስ?» አልናት።
«የዲላው ሚኒባስ ረዳቱ ወሰዳት።»
ፍርዴ፦ ጥሩ ይመስላል፣ ጨው ግን በዝቶበታል፤
ፍጻሜውን የሚሻ ዲላ ይሳፈራል።

አርብ ማታ ክፉው ሰው ዓለምን ሊያጠፋ፣
ጣቱን ቁልፉ ላይ አርጎ ሲስቅ በይፋ፣
ጀግናው ገና መንገድ ላይ ካባውን ሲያራግፍ፣
ድርግም።
መብራት ጠፋ።

ማንም አልተነፈሰ። ጎሚስታው እንኳን
መዶሻውን አቆመ።
ከፊት ወንበር ላንቃሞ «ተረፍን!» አለና
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ በፉጨት ደመቀ።
እኔም በዳበሳ፣ ፊደል ፊደል ላይ ወጥቶ፣
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ፦
«የዛሬው ጀግናችን መብራት ኃይል ነው፤
ሳይበር፣ ሳያኮርፍ፣ ሳይሰበሰብ ያዳነው።»

በማግስቱ ሲዲው ተጭሮ አልሄድ አለ።
ያቺ ጣት እስከ ዛሬ እዚያው ናት፣ ቁልፉ ላይ፣
ከመውረዷ በፊት፣ ስንዝር በማትሞላ ሰማይ።
መብራት በጠፋ ቁጥር ትዝ ትለኛለች፤
ዓለም ስለዚህች ጣት ምንም አታውቅም፣ ተኝታለች።

ያን ማታ ግን ከጭለማው፣ ከኋላ ረድፍ፣
ሳቁ ጋብ ሲል አንድ ድምፅ፦
«ጋሽ ሌዳሞ! ዓለምስ ዳነች፣ እሰየው።
ሁለት ብሬስ?»